ልጅሽን ማን ይይዝልሻል?

ልጆቼ፣ የትኛው ሙያ እንደሚያዋጣ ትጠይቁኛላችሁ። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በጨርቃ ጨርቅ ሥራ ነው። የተማርኩት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሶሻሊስት በነበረችው ምሥራቅ ጀርመን፣ ያኔ ካርል ማርክስ ሽታት በምትባለው በዛሬዋ ኬምኒትስ ነው። ሙያ ብቻውን እንደማያድን ያወቅሁት ከዚያ አገር ሴቶች ነው።

እዚያ ሥራ የሌላት ሴት ማግኘት ብርቅ ነበር። ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ወይ ይሠራሉ ወይ ይማራሉ። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች የራሳቸው መዋዕለ ሕፃናትና ክሊኒክ ነበራቸው። ባለትዳር ሠራተኛ በወር አንድ ቀን፣ ከነደመወዟ፣ የቤት ውስጥ ሥራዋን የምትሠራበት ዕረፍት ይሰጣታል። ደግ ይመስላል አይደል? ለባሏ ግን ከስንት አንዴ ነው። ሥራው ተሰጣት እንጂ ድስቱን የተቀበላት የለም።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 1990፣ ሁለቱ ጀርመኖች ሊዋሐዱ ወራት ሲቀሩ፣ የምዕራብ ጀርመን ገንዘብ ማርክ ወደ ምሥራቁ ገባ። በደካማው የምሥራቅ ማርክ ይከፈል የነበረው ደመወዝ አንድ ለአንድ ወደ አዲሱ ተመነዘረ። የፋብሪካዎቹ ወጪ ሰማይ ነካ፤ እነሶቪየት ኅብረትን የመሰሉ የድሮ ደንበኞች ደግሞ በዚያ ገንዘብ መግዛት አቃታቸው። የመንግሥት ፋብሪካዎችን ወደ ግል እንዲያዛውር የተቋቋመው፣ ትሮይሃንድ የሚባለው መሥሪያ ቤት የሚሸጠውን ሸጠ፣ የቀረውን ዘጋ። ሴቶች የሞሉበት ጨርቃ ጨርቅ ክፉኛ ተመታ። ትልቁ የላይፕሲግ ጥጥ መፍተያ ዛሬ የሠዓሊዎች ስቱዲዮ ነው።

ሴቶቹ ዲፕሎማቸውን ይዘው ሥራ ፍለጋ ወጡ። ብዙዎቹን የጠበቃቸው ጥያቄ ስለ ማሽን አልነበረም። «ልጅሽን ማን ይይዝልሻል?» ነበር። ወንዱን ማን ይጠይቀዋል! እ.ኤ.አ. በ1994 በምሥራቁ የተወለዱት ሕፃናት በ1989 ከተወለዱት ግማሽ አይሞሉም።

ሶሻሊዝም ናፍቋት ነው እንዳትሉኝ፤ ደርግን በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ከዚያ ሁሉ የተረፈ ነገር አለ። ብዙዎቹን መዋዕለ ሕፃናት ማዘጋጃ ቤቶች ተረከቧቸው። ዛሬም ከ3 ዓመት በታች ካሉት ልጆች በምሥራቁ ከግማሽ በላይ መዋያ አላቸው፤ በምዕራቡ ሲሶ ገደማ ናቸው። እናቶቹም ቶሎ ወደ ሥራ ይመለሳሉ። የወንድና የሴት ደመወዝ ልዩነትም በምሥራቁ ጠባብ ነው። (ብዙም ደስ አይበላችሁ፤ አንዱ ምክንያት የወንዱም ደመወዝ ዝቅተኛ መሆኑ ነው።)

እናም ስትቀጠሩ ስለ ደመወዙ ብቻ አትጠይቁ። የወሊድ ፈቃዱን፣ ስትመለሱ ቦታችሁ መጠበቁን በጽሑፍ እዩ። የሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁን ድርጅቱ ቆሞ ሳለ አውጡ፤ ከተዘጋ በኋላ ማኅተም የሚመታላችሁ አይገኝም። ወንዶች ልጆቼ፣ እናንተም አላችሁበት። ሽማግሌ ከመላካችሁ በፊት፣ ሕፃኑ ሲያተኩሰው ከሥራ የሚቀረው ማን እንደሆነ ከልጅቷ ጋር ተነጋገሩ።