ቀጥ ያለው ባለ 6 ከቪ6 በምን ይለያል?

ጥያቄህን አየሁት። «ቪ6ም ስድስት ነው፣ ቀጥ ያለውም ስድስት ነው፤ ታዲያ ሰው የድሮውን ቀጥ ያለ ባለ 6 እንዲህ የሚወደው ለምንድነው? አንድ አሮጌ ልገዛ አስቤያለሁ፣ ያዋጣኛል?» ነው ያልከው። ሁለቱንም ዓይነት ነድቻለሁ፣ ሁለቱንም ፈትቼ ገጥሜያለሁ፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

ነገሩ ያለው በሲሊንደሮቹ፣ ማለትም ፒስተኖቹ በሚመላለሱባቸው ጉድጓዶች፣ ቁጥር ላይ ሳይሆን አደራደራቸው ላይ ነው። ቪ6 ላይ ሦስት ሦስት ሆነው በV ቅርጽ ይቀመጣሉ። ስድስቱም በአንድ መስመር ሲሰለፉ ግን እያንዳንዱ ፒስተን ጓደኛ ያገኛል። 1ኛው ከ6ኛው፣ 2ኛው ከ5ኛው፣ 3ኛው ከ4ኛው ጋር እኩል ይወጣል፣ እኩል ይወርዳል። ሦስቱ ጥንዶች ክራንክ ሻፍቱ (የፒስተኖቹን መውጣትና መውረድ ወደ መሽከርከር የሚቀይረው ዘንግ) ላይ በ120 ዲግሪ ተራርቀው ስለተቀመጡ የአንዱን ግፊት ሌሎቹ ሁለቱ ያጠፉታል። የፊተኞቹ ሦስት ሞተሩን ሊያወዛውዙት ሲሉ የኋለኞቹ ሦስት በተቃራኒው ይይዙታል።

ባለ 4 ላይ ይሄ አይሳካም። ፒስተን በላይኛው ግማሽ ጉዞው ከታችኛው ይልቅ ይፈጥናል፤ ስለዚህ ሁለቱ ሲወጡ ሁለቱ ቢወርዱም ሙሉ በሙሉ አይጣፉም፣ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ የሚመታ ንዝረት ይተርፋል። ቪ6 ደግሞ ሁለት ባለ 3 ሞተር አንድ ላይ እንደመግጠም ነው። ከፊት ወደ ኋላ የመወዛወዝ ጠባይ ስላለው አንዳንዶቹ ላይ ንዝረቱን የሚያጠፋ ማመጣጠኛ ዘንግ ይጨመራል። ቀጥ ያለው ባለ 6 ይህን ዘንግ አይፈልግም።

እኔን ያሳመነኝ ግን ወረቀት ላይ ያነበብኩት አይደለም። ለዓመታት የነዳኋት ባለ 4 መኪና ቆማ ስትሰራ ማርሹ ላይ እጄን ሳሳርፍ ሁሌ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ለምጄው ስለነበር ሁሉም መኪና እንዲያ ይመስለኝ ነበር። ከዛ አንድ ቀን ቀጥ ያለ ባለ 6፣ ባለ 2.5 ሊትር ሞተር ያለው አሮጌ ቢኤምደብሊው ውስጥ ገባሁ። አስነሳሁ፣ እጄን ማርሹ ላይ አደረግኩ፣ ምንም የለም። ዙር መቁጠሪያውን አየሁ፤ መርፌው ከ1000 ዝቅ ብሎ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እየሰራ ነው! ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ሞተር እንደዛ አላስደሰተኝም።

ስትነዳውም ታውቀዋለህ። ባለ 4 ላይ ክራንክ ሻፍቱ በዞረ በየ180 ዲግሪው አንድ ሲሊንደር ነዳጁን አቀጣጥሎ ይገፋል፤ የአንዱ ጉልበት ሲያልቅ ነው የሌላው የሚጀምረው። ቀጥ ያለው ባለ 6 ላይ በየ120 ዲግሪው ስለሆነ የፊተኛው ሳይጨርስ ቀጣዩ ይቀበለዋል። ዳገት ላይ በከፍተኛ ማርሽ፣ በዝቅተኛ ዙር ብትይዘው ሳይንገጫገጭ ይጎትታል። ድምፁም ለዚህ ነው እንደ አንድ ወጥ ዜማ የሚሰማው።

ደግሞ አብዛኞቹ ጥሩ ጥሩዎቹ ክራንክ ሻፍቱን 7 ቦታ ላይ ይደግፉታል። ለዚህም ይበረክታሉ፤ ዕድሜያቸውን ተመልከት። የጃጓር ኤክስኬ ሞተር እ.ኤ.አ. በ1948 ወጥቶ እስከ 1992 ተመርቷል፤ በመሃል ሌማን በሚባለው የፈረንሳይ የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር 5 ጊዜ አሸንፏል። የቢኤምደብሊው ኤም30 በ1968 ተጀምሮ እስከ 90ዎቹ ቆይቷል። የፎርድ 300 ከ1965 እስከ 1996 ጭነት ጎትቷል። ላንድክሩዘር ላይ ያለው 1ኤችዜድ፣ ባለ 4.2 ሊትሩ ናፍጣ፣ ቱርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የለውም፣ አይፈጥንም፣ ግን ዘይቱንና ታይሚንግ ቤልቱን ከጠበቅክለት አያስቸግርህም። የቶዮታ 2ጄዜድና የኒሳን አርቢ26ማ ወጣቱ ሁሉ የሚያውቃቸው ናቸው፤ ወፍራም የብረት ብሎካቸው ነው ያን ሁሉ ቱርቦ ያስቻላቸው።

ለጥገናም ይመቻል። አንድ ቴስታታ (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ክፍል)፣ አንድ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ)፣ ስድስቱ ካንዴላ (ነዳጁን የሚያቀጣጥሉት) በአንድ ሰልፍ። ቪ6 በጎን የተገጠመባት መኪና ላይ የኋላውን ካንዴላ ለማውጣት ስንት ነገር እንደፈታሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

አሁን ወደ ድክመቱ። ርዝመቱ ነው። ቴስታታው ረጅም ስለሆነ ሙቀት አይወድም፣ አንዴ ከሞቀ ይጣመማል። የራዲያተሬ የውሃ ቱቦ ትንሽ ትንሽ ያንጠባጥብ ነበር፤ ቱቦውን ከመቀየር ይልቅ ውሃ እየጨመርኩ ከረምኩ። አንድ ዳገት ላይ የሙቀቱ መርፌ ወጣ፣ እኔም «ትንሽ ነው የቀረኝ» ብዬ ነዳሁ። ቴስታታው ሲወርድ ሜካኒኩ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አጋደመበትና ከጀርባው መብራት ያዘ። ከሁለቱ ጫፍ ምንም አይታይም፣ መሃሉ ላይ ግን ብርሃኑ ቀጭን ክር ሆኖ ያልፋል። ያ ክር ነው ውሃና ዘይቱን ያቀላቀለው። በጣም ነው ያዘንኩት፣ ጥፋቱ የእኔ ነበራ።

ርዝመቱ ነው ከገበያ ያስወጣውም። መኪኖች በፊት ጎማ የሚነዱና ሞተራቸው በጎን የሚቀመጥ ሲሆን አጭሩ ቪ6 ተመረጠ። መርሴዲስ እንኳ በ1997 ወደ ቪ6 ዞሮ ነበር፤ በ2017 ግን ኤም256 በተባለው ሞተር ወደ ቀጥታው ተመለሰ። በ48 ቮልት ኤሌክትሪክ ስለታገዘ ከፊት ያሉትን ቺንጋዎች (ሌሎች ክፍሎችን የሚያሽከረክሩ ቀበቶዎች) ማስቀረት ተችሏል፣ በዚህም ሞተሩ አጥሯል።

ስለዚህ ግዛ፣ ግን ማቀዝቀዣውን አይተህ። የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ክፈት፤ ውሃው ላይ የዘይት ቅባት ካለ ተወው። የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጠህ እይ፤ ወተት የመሰለ ነጭ አረፋ ካለ ጓርኒሲዮኑን ጠርጥር። ከዚያ አስነሳና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ዳገት ጨምረህ ንዳው፤ መርፌው መሃል ላይ መቆየት አለበት። ሻጩ ሞተሩን ቀድሞ አሙቆ ከጠበቀህ «ነገ ጠዋት እመለሳለሁ» በለው። ሞዴሉንና ዓመቱን እዚህ ጻፍልኝ፣ በተለይ የቱ ጋ ማየት እንዳለብህ እነግርሃለሁ።