ኔትወርኩን ምሪ ተባልኩ፤ ሰዓቱስ ከየት ይምጣ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ብሪታንያ ውስጥ ባለ የሱፐር ኮምፒውተር ማዕከል፣ በተጠቃሚዎች ድጋፍ ክፍል እሠራለሁ። ፕሮግራማቸው አልሄድ ያላቸው ተመራማሪዎች የሚልኩትን ጥያቄ እፈታለሁ። በክፍሉ ካለነው 14 ሰዎች ሴቶች 3 ነን፤ ከውጭ አገር የመጣሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሰሞኑን አለቃዬ «የሴቶችና የብዝኃነት ኔትወርክ አቋቁሚ» አለኝ። ሐሳቡን እወደዋለሁ፤ ግን በጀት የለም፣ ከሥራዬም የሚቀነስልኝ የለም። ከዚህ በፊት የተሞከረው በወር አንዴ ምሳ ሲበላበት ቆይቶ ተበትኗል። ከየት ልጀምር?
ግራ የገባት፣ ከብሪታንያ

መልስ፦ እህታችን፣ እሺ ከማለትሽ በፊት ሰዓትሽን አስጽፊ። በሳምንት 2 ሰዓትም ቢሆን በዓመቱ የሥራ ዕቅድሽ ውስጥ ይግባ፤ ያንኑ ያህል ከምትመልሻቸው ቲኬቶች (የተመራማሪዎቹ የድጋፍ ጥያቄዎች) ይቀነስ። በቃል የተሰጠ ሰዓት ማሽኑ በተበላሸ በመጀመሪያው ሳምንት ይጠፋል። አለቃሽ ካንገራገረ «ታዲያ የትኛውን ሥራ ልተው?» ብለሽ በኢሜይል ጠይቂው። ሰብሳቢዎቹ ሁለት ሁኑ፣ ለአንድ ዓመት ብቻ። አንደኛው ወንድ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ምሳ ማዘዙም ለእሱ ይሰጥ።

በምሳው ጠብ የለንም። እንዲህ ያለ ኔትወርክ የሚሞተው ግን የሥራ ክፍፍሉን ሳይነካ ሲቀር ነው። በሱፐር ኮምፒውተር ማዕከል ዕድገት የሚያስገኘው ሥራ ይታወቃል፦ የአዲስ ማሽን ግዢና የፍጥነት ፍተሻ፣ ኮድን ወደ ጂፒዩ (ብዙ ስሌት በአንድ ጊዜ ወደሚሠራ ቺፕ) ማዛወር፣ ስም የሚጻፍበት ሶፍትዌርና ጥናት። ቲኬት መመለስ፣ ቃለ ጉባኤ መያዝና ሥልጠና ማስተባበር ማዕከሉን ቀጥ አድርጎ ቢይዝም በዕድገት ፎርሙ ላይ ቦታ አያገኝም። ስለዚህ ያለፉትን 12 ወራት ከቲኬት መዝገቡና ከፕሮጀክት ዝርዝሩ ቁጠሩ። የግዢ ኮሚቴው ውስጥ ማን ገባ? የሩት ፈቃድ (ሲስተሙን ሙሉ በሙሉ የማዘዝ ሥልጣን) የማን ነው? የሌሊት ተረኝነቱስ እንዴት ተከፋፈለ? ውጤቱን በአንድ ገጽ ለኃላፊዎች ስጡ። መጠይቅ ለመበተን ግን አትቸኩሉ፤ 3 ሴቶች ባሉበት ክፍል «ስም አይጻፍም» ማለት ከንቱ ነው፣ ማን ምን እንዳለ ወዲያው ይታወቃል። ከሌሎች ክፍሎች ጋር ደምሩት፤ ከ5 ሰው በታች የሆነ ቡድን መልስም ለብቻው አይውጣ።

ቀጥሎ ለጀማሪዎች ሥልጠና የሚሆን የማሽን ሰዓት ጠይቁ። ለ10 ሰው፣ ለእያንዳንዱ 4 ኖድ (ሱፐር ኮምፒውተሩ የተገጣጠመባቸው ኮምፒውተሮች) ለ2 ሰዓት ቢሰጥ 80 የኖድ ሰዓት ነው። ኤዲንብራ ያለው አርቸር 2 የተሰኘው ማሽን 5,860 ኖዶች አሉት፤ 80 የኖድ ሰዓት ለእሱ የአንድ ደቂቃ ሥራ እንኳ አይሞላም። ኖዶቹን ለዚያ ሰዓት በስለርም (ሥራዎችን በወረፋ በሚያከፋፍለው ሶፍትዌር) አስይዟቸው፤ ካልሆነ ሠልጣኞቹ ወረፋ ሲጠብቁ ይመሻል። አካውንትና ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ከሳምንት በፊት ይለቅ። ጀማሪ ሁሉ ፕሮግራሙን ሎግኢን ኖዱ (ሁሉም በጋራ የሚገባበት ኮምፒውተር) ላይ ማስኬድ ይቀናዋል፤ ያ የሌላውንም ተጠቃሚ ሥራ ያጓትታል፣ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ልምምዱ አንድን ፕሮግራም በ1፣ 2፣ 4 እያሉ እስከ 128 ኮር (በቺፑ ውስጥ ስሌቱን የሚሠራው ክፍል) ማስኬድና ጊዜውን መመዝገብ ይሁን። ከፕሮግራሙ ሥራ 5 በመቶው ሊከፋፈል የማይችል ከሆነ 128 ኮር የሚያፈጥነው 17 እጥፍ ገደማ ነው፤ የፈለገውን ያህል ኮር ቢጨመርም 20 እጥፍ አይደርስም። ይህን በገዛ ግራፏ ያየች ጀማሪ ለጉባኤ የሚሆን ፖስተር (በሰሌዳ የሚቀርብ የጥናት ማጠቃለያ) ጀምራለች ማለት ነው።

ፖስተሩን የምታቀርብበት ቦታም አለ። ዊመን ኢን ሃይ ፐርፎርማንስ ኮምፒውቲንግ (ሴቶች በሱፐር ኮምፒውተር ሙያ) የተባለው ኔትወርክ በ2013 ከኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ተነሥቶ ዛሬ በብዙ አገር ቅርንጫፎች አሉት፤ አማካሪ ያገናኛል፣ በትልልቆቹ ጉባኤዎችም ለጀማሪዎች መድረክ ይከፍታል። እንደ ቅርንጫፍ ብትመዘገቡ ከባዶ አትጀምሩም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ግን ጀርመን ለሚደረገው የሱፐር ኮምፒውተር ጉባኤ፣ ለአይ ኤስ ሲ፣ የሼንገን ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ይቀበላሉ፣ ውሳኔው እስከ 45 ቀን ሊሄድ ይችላል። ኅዳር ላይ አሜሪካ ለሚካሄደው ሌላው ጉባኤ፣ ለኤስ ሲ፣ ደግሞ የቪዛ ቃለ መጠይቅ ቀጠሮው ራሱ ወራት ሊወስድ ስለሚችል፣ የጉዞ በጀቱንና የድጋፍ ደብዳቤውን ፖስተሩ ተቀባይነት እስኪያገኝ ሳትጠብቂ ጠይቂ።