የአርጎን ብየዳ ቶርች፦ በጋዝ ይቀዝቅዝ ወይስ በውኃ? ጥያቄና መልስ

በግቢያቸው ወይም በጋራዣቸው ጥግ በቲግ፣ በእኛ አጠራር በአርጎን፣ የሚበይዱ ሰዎች ስለ ቶርች (በእጅ ስለሚያዘው የመበየጃ እጀታ) ምርጫና ስለ ማቀዝቀዣው ያቀረቧቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እንደሚከተለው ቀርበዋል።

ጥያቄ፦ ማሽኔ 200 አምፔር ነው። የመስኮት ፍርግርግና አንዳንዴም የአይዝጌ ብረት የደረጃ መደገፊያ እሠራለሁ። ሻጩ «ማሽኑ 200 ከሆነ ቶርቹም 200 መሆን አለበት» በማለት ባለ 26 ቁጥር እንድወስድ መከረኝ። ልክ ነው?

መልስ፦ ምክሩ ማሽንዎን አይጎዳም፤ እጅዎን ግን ያደክማል። ቶርች የሚመረጠው በማሽኑ ላይ በተጻፈው ከፍተኛ ቁጥር ሳይሆን አዘውትረው በሚሠሩበት አምፔርና አርኩ (ብረቱን የሚያቀልጠው የኤሌክትሪክ ነበልባል) ሳይቋረጥ በሚቆይበት ጊዜ ነው። ለብረት በ1 ሚሊ ሜትር ውፍረት 40 አምፔር ያህል ብለው ቢነሡ፣ ባለ 1.5 ሚሊ ቱቦላሬ 60፣ ባለ 3 ሚሊ ላሜራ ደግሞ 120 አምፔር ይጠይቃል። በጋዝ ከሚቀዘቅዙት ውስጥ ባለ 9 ቁጥሩ ለ125፣ ባለ 17ቱ ለ150፣ ባለ 26ቱ ለ200 አምፔር ተብለው የሚሸጡ ስለሆነ ለእርስዎ ሥራ ባለ 17 ይበቃል፤ መደገፊያው ጠባብ ማዕዘን ካለው ትንሹ ባለ 9 ይሻላል። ሲገዙ ከአምፔሩ አጠገብ ያለውን የመቶኛ ቁጥር አይለፉት። 60 በመቶ ማለት ከ10 ደቂቃ ውስጥ 6 ደቂቃ መበየድ ይቻላል ማለት ሲሆን፣ 35 በመቶ ከሆነ ሦስት ደቂቃ ተኩል ብቻ ነው። የተረፈዎትን ገንዘብ ለስላሳና ተጣጣፊ ገመድ ላለው ቶርች ቢያወጡት አይቆጭዎትም፤ ደረቅ ገመድ የእጅ አንጓን እየጎተተ የብየዳውን መስመር ያበላሻል።

ጥያቄ፦ በጋዝ የሚቀዘቅዘውን ቶርች «በአየር የሚቀዘቅዝ» ይሉታል፤ ማራገቢያ ግን የለውም። አየሩ ከየት ነው የሚመጣው?

መልስ፦ ስሙ ያሳስታል። ሙቀቱን የሚወስዱት በውስጡ የሚያልፈው አርጎን፣ ወፍራሙ የመዳብ ገመድና በዙሪያው ያለው አየር ናቸው። በውኃ የሚቀዘቅዘው ቶርች ዋነኛ ምሥጢርም ያለው በገመዱ ላይ ነው፦ ቀዝቃዛው ውኃ በአንድ ቱቦ ወደ ቶርቹ ራስ ይሄዳል፤ ሲመለስ ደግሞ ኤሌክትሪክ የሚሸከመው ቀጭን የመዳብ ገመድ በተዘረጋበት ቱቦ ውስጥ ያልፋል። ባለ 20 ቁጥር የውኃ ቶርች በመጠኑ ከባለ 9 እምብዛም ሳይበልጥ 250 አምፔር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያው ልክ ውኃው ከቆመ ቀጭኑ ገመድ ምንም መከላከያ የለውም። እኔ አንድ ጊዜ የውኃውን ፓምፕ ሳላበራ በ160 አምፔር ጀምሬ፣ ገና የመጀመሪያውን መስመር ሳልጨርስ ቱቦው ቀልጦ ሙሉውን ገመድ ለመቀየር ተገድጃለሁ። ስለዚህ ውኃ ሲቋረጥ ማሽኑን የሚያቆም መቆጣጠሪያ ያለው ማቀዝቀዣ ቢመርጡ መልካም ነው።

ጥያቄ፦ ባለ 17 ቶርቼ በ90 አምፔር ብቻ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ለመያዝ አይቻልም። ወደ ውኃ ልዙር?

መልስ፦ አይቸኩሉ። ባለ 17 በ90 አምፔር እንዲህ ሊግል አይገባም። በመጀመሪያ ቶርቹ በኔጋቲቭ መሰካቱን ያረጋግጡ፤ በፖዘቲቭ ከሆነ አብዛኛው ሙቀት ወደ ተንግስተኑ (አርኩ ወደሚነሣበት የቶርቹ ቀጭን ዘንግ) ይዞራል። ቀጥሎ ተንግስተኑን የሚይዘውን ኮሌትና የኋላ ቆቡን ይመልከቱ፤ የላላ ወይም የተቃጠለ ኮሌት ራሱ እንደ ምድጃ ይግላል። የአርጎኑ መጠን በደቂቃ ከ6 እስከ 12 ሊትር መካከል ይሁን። አርኩ ከጠፋ በኋላም ለእያንዳንዱ 10 አምፔር 1 ሰከንድ ያህል ጋዝ ይፍሰስ፤ ይህን ጊዜ አርጎን ለመቆጠብ ሲሉ የሚያሳጥሩ ብዙዎች ናቸው፤ የሚያተርፉት ግን የጠቆረ ተንግስተን ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ 5 ሚሊ አሉሚኒየም እበይዳለሁ። የከተማው ከፍታ ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ ያመጣል፤ ዋናው ምክንያት ግን እሱ አይደለም። የብየዳ መሣሪያዎች መመዘኛ የሚወጣው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ አካባቢ ሲሆን አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ ስሱ አየር ሙቀት የሚወስደው በዝግታ ነው። ከዚያ የሚብሰው አሉሚኒየሙ ነው፦ ሙቀቱን በፍጥነት ስለሚበትን ወደ 200 አምፔር ይጠይቃል፤ የሚበየደውም በኤሲ በመሆኑ ተንግስተኑ ከዲሲ ይልቅ ይግላል፤ አምራቾችም ለኤሲ ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣሉ። ለእርስዎ ያለማመንታት የውኃ ቶርች፣ ባለ 20፣ እመክራለሁ።

ጥያቄ፦ ሚኒሶታ ነው የምኖረው፤ ጋራዡ በክረምት ይበርዳል። የማቀዝቀዣው ውኃ በረዶ እንዳይሆን የመኪና አንቱፍሪዝ ልጨምርበት?

መልስ፦ የመኪናውን አይጨምሩ። ዝገት መከላከያ ቅመሞቹ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ፤ ይህም አርኩን የሚያስነሣውን ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ያባክናል። አንዳንዱ ደግሞ ቀዳዳ የሚደፍን ንጥረ ነገር ስላለው የቶርቹን ጠባብ መተላለፊያ ይዘጋል። ለቲግ ተብሎ የተዘጋጀውን ዝቅተኛ አስተላላፊነት ያለው ፈሳሽ ይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ ማቀዝቀዣውን ራሴ በባልዲና በዓሣ ገንዳ ፓምፕ ብሠራውስ?

መልስ፦ ባልዲው ይሆናል፤ 20 ሊትር የተጣራ ውኃ ለአጭር ሥራ ያለ ራዲያተርም ያገለግላል። ፓምፑ ግን አቅም የለውም፤ በእነዚያ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ለመግፋት የ3 ባር ያህል ግፊት ያስፈልጋል። ሙከራው ቀላል ነው፦ የመመለሻውን ጫፍ በአንድ ሊትር ማሰሮ ላይ ይያዙ፤ በአንድ ደቂቃ ካልሞላ አይበይዱ። ራዲያተር ከጨመሩ የመዳብ ይሁን፤ አሉሚኒየምና መዳብ በአንድ ውኃ ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላል። በቀጥታ ከቧንቧ ማገናኘትማ፣ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ቶርቹን አስቀድሞ እንደ መሸኘት ነው።

ጥያቄ፦ አሁን በጋዝ ጀምሬ ወደፊት ውኃ ብገዛ፣ ያሉኝ ዕቃዎች ይባክናሉ?

መልስ፦ በቁጥር ካዛመዱ አይባክኑም። የባለ 9 ሴራሚክ (ጋዙ የሚወጣበት አፍ) እና ኮሌት ለባለ 20 ይሆናል፤ የባለ 17 እና የባለ 26 ደግሞ ለባለ 18 የውኃ ቶርች ያገለግላል። ከመግዛትዎ በፊት ግን የማሽንዎን ሶኬት ይለኩ፤ 9 ሚሊ እና 13 ሚሊ መሰኪያዎች አይገጣጠሙም።