ቁጭ ያለ ሐውልት አለ?

ጥያቄ፦ ልጄ ስለ ሰባቱ የጥንቱ ዓለም ድንቆች ስታነብ «የዜውስ ሀውልት» የሚል አገኘች፤ ዜውስ የጥንት ግሪኮች ዋና አምላክ ነው። «እንደ አክሱም ነው?» አለችኝ። ድንጋይ ምሰሶውም ሰው የሚመስለውም እኩል ሀውልት ይባላል?

መልስ፦ ልጅዎን ይሳሙልኝ። ስንት ዓመት ሲከነክነኝ የኖረውን ነው የጠየቀችው።

ሐውልት (በሐመሩ ሐ ነው፣ እባክዎ!) በግእዝ ቀጥ ብሎ የቆመ ዓምድ ነው። የሎጥ ሚስት ዞር ብላ አይታ «የጨው ሐውልት» ሆነች። ናቡከደነፆር ያሠራው ባለ 60 ክንዱ ወርቅ ግን «ምስል» ነው የተባለው፤ መሰለ ከሚለው ግስ። ዐረቦችም ለዚሁ ነገር «ቲምሣል» ይላሉ፤ ሥሩ ከእኛው መሰለ ጋር አንድ ነው። «የሎጥ ሚስትስ ሰው አልነበረችም?» ብሎ የሚሞግት አይጠፋም። ሰው ነበረች። ጨው ከሆነች በኋላ ግን ሰው መሰለች የሚል አላነበብኩም።

«ሐውልት ማለት መታሰቢያ ነው፤ ቅርጹ ምንም ይሁን» የሚሉም አሉ። አይዋጥልኝም። የአክሱሙን ጠጋ ብለው ይዩት። ከታች በር አለው፣ የበሩ ቁልፍ ሳይቀር ተቀርጿል፤ ከዚያ ወደ ላይ በየፎቁ መስኮት። ሰው የሚመስል ነገር የለበትም። (ቤት ስለመሰለ እሱም ምስል ነው የሚለኝ ካለ፣ አልሰማሁም።)

የግሪኩ ቀራጺ ፊዲያስ ኦሊምፒያ ላይ፣ ቤተ መቅደስ ውስጥ፣ በዝሆን ጥርስና በወርቅ የሠራው ዜውስ ደግሞ ጭራሽ አልቆመም። ዙፋኑ ላይ ቁጭ ብሏል። ተቀምጦም 12 ሜትር ያህል ስለነበር፣ ብድግ ቢል የቤተ መቅደሱን ጣሪያ ይዞት እንደሚሄድ የጥንቱ ግሪካዊ የጂኦግራፊ ጸሐፊ ስትራቦ ጽፏል። ቁጭ ያለ ሐውልት! ከሰባቱ ድንቆች ሌላው፣ በግሪኩ ሮድስ ደሴት የነበረው ግዙፍ የነሐስ ምስል እንኳ ቢያንስ ቆሞ ነበር። ቁመቱም 33 ሜትር ገደማ ነው፤ ከወደቀው ከአክሱሙ ትልቁ ጋር እኩያ ማለት ነው። የሮድሱንም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ226 ገደማ የመሬት መንቀጥቀጥ ከጉልበቱ ሰብሮ ጣለው።

ግን ፒያሳ ምኒልክ ፈረሳቸው ላይ ናቸው፤ ታክሲ ውስጥ «ምስሉ ጋ ወራጅ» ያለ ሰምቼ አላውቅም። እኔም ብል ረዳቱ ይስቅብኛል። ምስልማ ዛሬ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ፣ እያመመኝም ቢሆን፣ የልጅዎ መጽሐፍ አልተሳሳተም። «እንደ አክሱሙ ሳይሆን እንደ ምኒልኩ» ይበሏት፤ ፈረሱን ትተው ዙፋን ይጨምሩበት። እኔ ግን ስጽፍ «የዜውስ ምስል» ማለቴን አልተውም።