ከማደሪያችሁ ውጡ፦ ለትምህርት ባሕር ለምትሻገሩ ልጆች

ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ፣ የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ አውሮፓ ሊሄዱ የተሰናዱ ሦስት ወጣቶች፣ ሁለቱ ከደብረ ማርቆስ አንዷ ከብቸና፣ ቤቴ ድረስ መጥተው ምክር ጠየቁኝ። ሻንጣቸው ውስጥ ምን እንደ ከተቱ ስጠይቃቸው በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ድርቆሽና ወፍራም ሹራብ ብለው ቆጠሩልኝ፤ የሚማሩትንም ኮርስ እስከ መጨረሻው ሴሚስተር ድረስ በቃላቸው ያውቁታል። «ቅዳሜና እሑድስ ምን ታደርጋላችሁ?» ስላቸው ግን እርስ በርሳቸው ተያዩ። በመጨረሻ ልጅቷ «እናጠናለና፣ ጋሼ» አለችኝ። እኔም ወደ አውሮፓ ስሄድ ብጠየቅ የምሰጠው መልስ ይኸው ስለ ነበር አልፈረድኩባትም፤ ሆኖም ያን ቀን ቡና እየጠጣን የነገርኳቸውን ሌሎቻችሁም እንድታነቡት ጽፌ ማስቀመጥን መረጥኩ።

እኔ የውኃ መሐንዲስ ነኝ፤ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ያደግሁት በጮቄ ተራራ ግርጌ ነው፤ የመጀመሪያ ዲግሪዬን በአርባ ምንጭ ከተማርኩ በኋላ በ1989 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከየአገሩ የሚመጡ የውኃ ባለሙያዎችን ወደሚያስተምረው የዴልፍት ተቋም፣ ወደ ሆላንድ ተላክሁ። እናቴ ስትሸኘኝ «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል፤ አንተ ግን እንዳትዞርብኝ» ብላ ነበርና ቃሏን ከሚገባው በላይ ጠበቅሁ። ከ4,000 ሜትር በላይ ከሚቆም ተራራ ሥር ወጥቼ፣ ሩብ ያህል መሬቱ ከባሕር ወለል በታች ወደ ሆነ አገር ገብቼ ሳለ፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የማውቀው መንገድ ከማደሪያዬ ወደ መማሪያ ክፍሉ፣ ከዚያም ወደ ሱቅ የሚወስደውን ብቻ ነበር። እያንዳንዷን ጊልደር በልቤ ወደ ብር እየመነዘርኩ ለአውቶቡስ የሚከፈለው ሁሉ ያስቆጨኝ ነበር። በታኅሣሥ ፀሐይ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ሲል ወጥታ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ስለምትጠልቅ፣ ከመስኮቴ ውጭ ያለው ዓለም ጨለማ ብቻ ይመስለኝ ጀመር፤ አንድን ገጽ ሦስት ጊዜ አንብቤ ምን እንዳለ የማላውቅበት ቀን በዛ። ለእናቴ የምጽፈው ደብዳቤም እያጠረ ሄደ፤ ለካ የምነግራት ያየሁት ነገር አልነበረኝም።

ያወጣኝ ብርዱ ራሱ ነው ማለት ይቻላል። በዚያ ዓመት ክረምታቸው እጅግ በርትቶ የከተማው የውኃ ቦዮች ሰው የሚሸከም በረዶ ሆኑ፤ በሰሜን ባለው የፍሪስላንድ ግዛትም አሥራ አንድ ከተሞችን የሚያዳርሰውና 200 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የበረዶ ላይ ጉዞ ታኅሣሥ 26 ቀን ተካሄደ። ከዚያ ወዲህ በረዶው የሚፈለገውን ያህል ወፍሮ ስላልተገኘ እስከ ዛሬ አልተደገመም። በማግስቱ እሑድ የታንዛኒያ ተወላጅ የሆነው ጎረቤቴ በሬን እየደበደበ፣ ካልወጣህ አልሄድም ብሎ አስወጣኝ። በቦዩ ዳር ቆሜ ሕዝቡ ሲንሸራተት ሳይ፣ ከቤታቸው ደጃፍ ሆነው ሲመለከቱኝ የቆዩ አንዲት ባልቴት ወደ ውስጥ ገብተው የወጥ ቤት ወንበር ይዘው ተመለሱ። ወንበሩን በረዶው ላይ አስቀምጠው፣ መደገፊያውን በሁለት እጄ አስይዘው፣ በምልክት «ግፋ» አሉኝ። የዚያ አገር ሕፃናት በበረዶ ላይ መሄድ የሚለምዱት ወንበር እየገፉ መሆኑን የተረዳሁት ያኔ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት የሞላኝ፣ በአገሬ ኢንጂነር የምባል ሰው፣ ከአምስት ዓመት ልጅ ጎን ወንበሬን እየገፋሁ ወዲያና ወዲህ አልኩ። ከእግሬ በታች፣ መስተዋት በመሰለው በረዶ ውስጥ፣ የአየር አረፋዎች እንደ ዶቃ ተደርድረው፣ ከእነርሱም ዝቅ ብሎ አንድ የሰመጠ ብስክሌት መሪው ወደ ላይ እንዳለ ይታየኝ ነበር። ሴትዮዋ በኋላ ቋሊማ የገባበት የአተር ሾርባ አቀረቡልኝ፤ የገና ጾም ላይ መሆኔን ስነግራቸው ቅር ሳይላቸው ሻይ አፈሉልኝ። ጾማችሁን በግልጽ ተናገሩ፤ ሆዴን አሞኛል እያሉ ማምለጥ ግን ሁለተኛ እንዳትጠሩ ያደርጋል።

ከዚያ እሑድ በኋላ አሮጌ ብስክሌት ገዛሁ። ባሕር ዳር ያደጋችሁ ትስቁብኝ ይሆናል፤ እኔ ግን በቅሎ እንጂ ብስክሌት ነድቼ አላውቅም ነበር። በቅሎ መንገዷን ታውቃለች፣ ቢመሽም ቤት ታደርሳለች፤ ብስክሌት ግን ባለቤቱ የረሳውን መንገድ አያስታውስም። ሦስት ቀን እየወደቅሁ ተለማመድኩ። በሌሊት ከፊት ነጭ ከኋላ ቀይ መብራት የሌለው እንደሚቀጣ፣ አንድ ቁልፍ ብቻ ያለው ብስክሌትም እንደማያድር እናንተ ከእኔ በርካሽ ተማሩት፤ የመጀመሪያዬን በአምስተኛው ሳምንት አጥቻታለሁ። በሁለተኛዋ ግን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ከሄግ ከተማ አልፌ ስኬቬኒንገን ደረስሁና በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር አየሁ። ወዲያ ማዶ የሌለው ውኃ ምን እንደሚመስል በሦስት ወገን ዓባይ ለከበበው ለጎጃም ሰው ማስረዳት ቀላል አይደለም፤ የዚያ ዕለት ለእናቴ የጻፍኩት ደብዳቤ አራት ገጽ ሆነ።

አንድ ስሕተቴን ደግሞ ልንገራችሁ። ክፍላችን ወደ ዜላንድ ግዛት ሄዶ ትልቁን የማዕበል መከላከያ ሊጎበኝ ሲል መነሻው ከጠዋቱ በእነርሱ አቆጣጠር ስምንት ሰዓት ነበር፤ እኔም በማስታወሻዬ ላይ በአማርኛ «ቅዳሜ 2 ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ። ቅዳሜ ጠዋት ስመለከተው ሰዓቴም አእምሮዬም በፈረንጅ አቆጣጠር ሆነዋልና ከቀትር በኋላ ነው ብዬ ተረጋግቼ ቁርሴን በላሁ። በሁለት ሰዓታቸው መነሻው ቦታ ብደርስ ከእርግቦች በቀር ማንም የለም። በንዴት ከሁለት ሳምንት በኋላ ብቻዬን በባቡርና በአውቶቡስ ሄድኩ፤ እንዲያውም ከሁሉም የበለጠ የተማርኩበት ጉዞ ያ ሆነ። በአውቶቡሱ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አስጋሪ፣ በ1953 እ.ኤ.አ. ጥር መጨረሻ ሌሊት ባሕሩ ግድቡን ጥሶ በዚያ አገር 1,836 ሰዎች ሲያልቁ እርሳቸው ልጅ እንደ ነበሩ በተሰባበረ እንግሊዝኛ አጫወቱኝ። ከዚያ ጎርፍ በኋላ መሐንዲሶቹ የባሕሩን መግቢያ ፈጽሞ ሊደፍኑት አስበው ሳለ፣ ዓሣ አስጋሪዎችና ሌሎችም ጨዋማው ውኃ ከተቋረጠ ኑሯችንና ባሕሩ ይሞታሉ ብለው ስለ ተቃወሙ፣ በማዕበል ጊዜ ብቻ የሚዘጉ 62 የብረት በሮች ያሉት መከላከያ ተሠርቶ በ1986 እ.ኤ.አ. ተመረቀ። ይህን በመማሪያ መጽሐፌ ውስጥ እንደ ቀመር አንብቤዋለሁ፤ ከተቃወሙት ወገን የሆነ ሰው ጎኔ ተቀምጦ ሲነግረኝ ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ።

ወደ ዴልፍት ስመለስ፣ በየቀኑ በብስክሌት አልፌው የምሄደውን፣ ፊቱ ላይ ባለ ቀለም የአርማ ጋሻዎች የተደረደሩበትን አሮጌ ቤት ምንነት ጠየቅሁ። የዴልፍላንድ የውኃ ምክር ቤት ነው አሉኝ፤ ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ ማለትም መንግሥታቸው ራሱ ከመመሥረቱ በፊት፣ ባለ መሬቶቹ ግድባቸውንና ቦያቸውን የሚያስጠብቁበት፣ ዛሬም ነዋሪው የሚመርጠውና ግብር የሚከፍልለት ተቋም ነው። የበላዩ «የግድብ አለቃ» ይባላል። በእኛ አገር በየወንዙ ዳር ገበሬው ራሱ መርጦ ተራ የሚያስጠብቀው የውኃ አባት ትዝ አለኝ፤ በዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት ስማር ግን ስሙን ያነሣልኝ መምህር አልነበረም። ከዓመታት በኋላ መራዊ አጠገብ 7,000 ሄክታር ያህል እንዲያለማ በታቀደው በቆጋ መስኖ ስሠራ፣ የውኃ ተጠቃሚዎችን ማኅበር ስናቋቁም ከየውኃ አባቶቹ ጋር መጀመሪያ እንቀመጥ ብዬ የተሟገትሁት ያን አሮጌ ቤት አስቤ ነው። ያኔ ክፍሌን ዘግቼ የጨረስኳቸው ስሌቶች ግን ዛሬ በኮምፒውተር በደቂቃ የሚሠሩ ሆነዋል።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም፤ ለቤተሰብ የምትልኩትን አስቀድማችሁ ለዩ፣ ከቀረው ላይ ግን ለመውጫ ጥቂት መድቡና አትቆጩበት። በአራት ቀን አምስት ዋና ከተማ ዞሮ በየሐውልቱ ሥር ፎቶግራፍ ተነሥቶ መመለስን ግን እንደ ጉብኝት አልቆጥረውም። የአገር ልጆች በሚሰበሰቡበት ቡና ጠጡ፣ በበዓል ቀን ቤተ ክርስቲያን ሂዱ፤ ነገር ግን ቅዳሜያችሁን በሙሉ ስለ አገር ቤት ወሬ አትስጡት፤ እርሱ በስልካችሁም ይደርሳችኋል። የምትኖሩበትን ከተማ የሐሙስ ገበያ፣ የእሑድ ጸጥታ፣ ዝናብ ሲዘንብ ሰዉ የሚጠለልበትን ሥፍራ እወቁ።

ከሦስቱ ወጣቶች አንዱ በኅዳር ፎቶግራፍ ልኮልኛል። በቦይ ዳር፣ ከድልድይ አጥር ጋር የታሰረ አረንጓዴ ብስክሌት ይዞ ቆሟል። አተኩሬ ባየው ቁልፉ አንድ ብቻ ነው፤ ሁለተኛውን ገዝተህ እንደሆነ ንገረኝ ብዬ ጽፌለት መልሱን እየጠበቅሁ ነው።