ቀበቶዬ ከሌላ ሰው ፓተንት ጋር ይመሳሰላል፤ ልተወው?

ጥያቄ፦ ለልጆች የመኪና መቀመጫ የሚሆን የደህንነት ቀበቶ ሠርቻለሁ። ዘለበቱ በአንድ እጅ ይፈታል። ሰሞኑን ሳገላብጥ ቁርጥ የእኔን የሚመስል ሥዕል ያለበት የሌላ ሰው ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት ሰነድ) አገኘሁ። ልክ እንዳየሁት ክው አልኩ። ከገፋሁበት ይከሱኛል?

መልስ፦ ቆይ፣ አትተወው! መጀመሪያ ዓይንህን ከሥዕሉ ላይ አንሳ። በቁጥር የተደረደሩ፣ ለማንበብ የሚያሰለቹ ዓረፍተ ነገሮች አሉ አይደል? ባለቤቱ «ይህ የእኔ ነው» ያለው እዚያ ነው፤ ክርክሩም የሚነሳው ከእነሱ ነው። (መልክን ብቻ የሚጠብቀው የዲዛይን መብት ግን ሌላ ነው፤ እዚያ ሥዕሉ ዋና ነው።)

የቮልቮው መሐንዲስ ኒልስ ቦህሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ያወጣውን ባለሦስት ነጥብ ቀበቶ ታውቀዋለህ። ከእሱ በፊት ግን፣ በ1955፣ ግሪስዎልድና ዴሄቨን አሜሪካ ውስጥ የባለሦስት ነጥብ ቀበቶ ፓተንት ወስደው ነበር። ታዲያ ቦህሊን በ1962 እንዴት የአሜሪካ ፓተንት አገኘ? ዘለበቱን እይ። በእነግሪስዎልድ ቀበቶ ዘለበቱ ሆድ ላይ ነበር የሚያርፈው፤ ቦህሊን ወደ ዳሌ ጎን አወረደው፣ የደረትና የወገቡ ማሰሪያም እዚያው መቀመጫው አጠገብ ተገናኙ። ከሩቅ ሲያዩት ያው ቀበቶ ነው፤ ሥራው ግን ሌላ ሆነ።

አንተም እንደዚያ አድርገህ ቃል በቃል አመሳክር። ከእነዚያ ባለቁጥር ዓረፍተ ነገሮች አንዱ የዘረዘራቸው ነገሮች በሙሉ ያንተ ላይ ካሉ ተይዘሃል። አንዱ በእርግጥ ከሌለ ብዙ ጊዜ ታመልጣለህ፣ ግን ብሎኑን በሌላ ማሰሪያ ቀይሬ አመልጣለሁ ብለህ እንዳትሸወድ፤ የተካኸው ነገር ያንኑ ሥራ በዚያው መንገድ የሚሠራ ከሆነ ፍርድ ቤት እንደ አንድ ሊቆጥረው ይችላል።

ፓተንቱ ራሱም ሊወድቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኬኤስአርና ቴሌፍሌክስ ኩባንያዎች ጉዳይ፣ የሚስተካከል የመኪና ፔዳል ላይ ኤሌክትሮኒክ ሴንሰር መግጠም ባለሙያ በቀላሉ የሚያስበው ነገር ነው ብሎ መብቱን ውድቅ አድርጎታል። ሁለቱም ድሮ የነበሩ ነገሮች ናቸዋ!

ፓተንቱ በሕይወት መኖሩንም አጣራ። ዕድሜው በአብዛኛው ካመለከቱበት ቀን 20 ዓመት ነው፣ ክፍያ ካልተከፈለ ደግሞ ቀድሞ ይሞታል፣ ባልተመዘገበበት አገርም አይሠራም።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። የራስህን ሳታስመዘግብ ለሕዝብ አሳይተኸዋል? በብዙ አገር ይህ ብቻውን መብትህን ያሳጣሃል። ቪዲዮ ለጥፈህ ከሆነ ቀኑን ያዝና ለፓተንት ጠበቃህ ከሁሉ በፊት እሱን ንገረው።