ከደላንታ በሽሎን ተሻግሮ ወደ መቅደላ

ከደላንታዋ ከተማ ከወገልጤና ተነሥቶ በእግር መቅደላ መድረስ ይቻል እንደሆነና በመንገዱ ምን እንደሚታይ ለጠየቁት፦ ይቻላል፤ ነገር ግን ቁልቁለቱንና ዳገቱን በአንድ ቀን ለመጨረስ ባይሞክሩ ይሻላል። ደላንታን ከመቅደላ ወገን የሚለየው የበሽሎ ሸለቆ ስለሆነ፣ ከደጋው ገደል ጫፍ ወደ ወንዙ ሲወርዱ ገብሱ ለማሽላ፣ ብርዱም ለወበቅ ቦታውን እየለቀቀ ይሄዳል። በሽሎ የዓባይ ገባር ነው፤ በክረምት መሻገሩን አያስቡት።

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ የጄኔራል ናፒየር ጦር የመጣው ከዚሁ ከደላንታ በኩል ሲሆን፣ ሚያዝያ 3 ቀን ውጊያው የተደረገበትን የእሮጌን ሜዳ አልፈው ነው ወደ አምባው የሚወጡት። አፄ ቴዎድሮስ ከሦስት ቀን በኋላ ራሳቸውን የሠዉበት አምባ ላይ፣ ጋፋት ተሠርቶ ከደብረ ታቦር በሰው ጉልበት ወራት ፈጅቶ የተጎተተው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ዛሬም አለ። ሰባት ቶን ገደማ ይመዝናል፤ እጅዎን ነሐሱ ላይ ሲያሳርፉ ከኋላዎ ያለውን ያን ዳገት ያስታውሱ። እኔ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከመድፉ ይልቅ ከአምባው ጫፍ ቆሞ የመጡበትን ሸለቆ መመልከቱን አበልጣለሁ።

ውኃ በብዛት ይያዙ፤ መንገድ የሚያሳይ የአገሬው ሰውም አይለይዎት።